መቀነቱን ፍቺው

ካርቱም ላይ፣ ወርዶ ያስቸገረኝን ማህፀን በኦፕራሲዮን ካወጡልኝ በኋላ፣ ሳስል ሽንት ያመልጠኝ ጀመር። በሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የአሠሪዬ የማዳም ምንጣፍ ላይ ቢያመልጠኝ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። እንደ አራስ ሆዴን በመቀነት ጥፍር አድርጌ አሰርኩ፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

በቀጠሮዬ ሐኪሟ መቀነቱን አይታ፣ እንደ ሱዳን ወግ በአክብሮት እየጠራችኝ ጮኸች። «ያ ሐጃ፣ ይሄ እኮ የሽንት ፊኛሽን ወደ ታች ይገፋዋል! ፍቺው። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ከውስጥ ጭምቅ፣ ከዚያ ልቅቅ አድርጊ። ሳል ሲመጣ ቀድመሽ ጨምቂ።»

«ስፌቱ ቢበጠስስ?»

«ድኗል፤ አይበጠስም።»

አላመንኳትም። ቤቴ መቀነቱን ፈትቼ፣ ተጋድሜ መጭመቁን ስጀምር ደም መጣ አልመጣ እያልኩ ከሥሬ ያነጠፍኩትን ጨርቅ አየው ነበር። አልመጣም።

ከርሞ ከርሞ የማዳም ምንጣፍ ላይ ሳል ያዘኝ። ቀድሜ ጨመቅኩ፤ ደረቅ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እጄ ግን አሁንም ሳል በመጣ ቁጥር መቀነቱን ይፈልጋል።