ለጥንቸሏ የሚሆን ቅጠል

ልጃችን በተቀበረች ማግስት፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሳ፣ ከደረሰኝ ንፍሮ አንድ እፍኝ ለጥንቸሎቿ ሰጠኋቸው። ምን እንደሚበሉ አላውቅም ነበር። እስከዚያ ሰዓት ማንም አላስታወሳቸውም፤ እኔም ትዝ ያሉኝ ለቀስተኛውን ሽሽት ወደ ጓሮ ስወጣ ነው። ሰው ሁሉ ንፍሮ ይዟል፣ እነሱም የልጅቷ ናቸውና ይድረሳቸው አልኩ። ስንዴውንም ሽምብራውንም ለቀም ለቀም አደረጉት፤ ባቄላውን ግን አልነኩትም። ቀሪውን እዚያው ሣጥናቸው ውስጥ አፍስሼላቸው ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትኩሳት በአምስት ቀን ወሰዳት። ሹፌር ስለነበርኩ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና። እናትየዋ ጠበል ልታመጣላት ጠዋት እንጦጦ ወጥታ ነበር፤ እስክትመለስ መጠበቅ አልተቻለም። ከየካ ቁልቁል ስወርድ ልጅቷ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ትናገር ነበር። ከደረስን በኋላ ብዙም አልቆየች። ባለቤቴ በለቅሶው መሃል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «መንገድ ላይ ምን አለችህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ከሳምንት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም።

አላለቀስኩም። ለቀስተኛው «ወንድ ነው፣ ቻለው» እያለ አደነቀኝ። የቻልኩት ነገር አልነበረም፤ ምንም አልተሰማኝም። ሰው እግሩ ላይ ብዙ ሲቀመጥ እንደሚደነዝዘው፣ እኔን ደነዘዘኝ።

ጥንቸሎቹ ሁለት ነበሩ፣ አንድ ነጭ፣ አንዲት አመድማ። ለልጄ የሰጠቻት የማሽከረክርለት ፈረንጅ መሐንዲስ ሚስት ናት። ወደ አገራቸው በሚመለሱበት ሰሞን ልጄን አስጠርታ፣ ምን እንደሚበሉና ምን እንደማይበሉ በተሰባበረ አማርኛ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስታስተምራት ዋለች። እኔ መኪናውን ተደግፌ አዛጋ ነበር። ልጄ በመንገድ የተማረችውን ልትነግረኝ ስትጀምር «ኋላ ትነግሪኛለሽ» አልኳት። ያ ኋላ ሳይመጣ ቀረ።

ንፍሮውን በሰጠሁ ማግስት ነጩ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጥርሱን እያፋጨ ጥግ ይዞ ተኮራምቶ አገኘነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሞተ። ባለቤቴ ለካ ያን ማታ ዝናብ የመታው ጥቅል ጎመን ሰጥታቸው ኖሯል። ጎረቤታችን ሴትዮ አየት አድርጋው፣ «እርጥብ ጎመን ነፍቶት ነው» ብላ ፈረደች። ባለቤቴም፣ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለች። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ስለ ንፍሮው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ዛሬ ከማፍርባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ እኔን ሳትጠይቅ አንዲት ቅጠል ወደ ሣጥኑ አላስገባችም። ጠዋት ጠዋት የያዘችውን ከፍ አድርጋ ታሳየኛለች።

«ይሄ ይሆናል?»

ምኑን አውቄ! ግን «አላውቅም» ብል «አንተስ ምን ሰጥተሃቸው ነበር?» መባሌ አይቀርም፤ ጎመኑ ላይ የፈረድነው ፍርድ ሊነሳ ነው። ስለዚህ ማወቅ ግድ ሆነብኝ፤ ውሸቴ ተማሪ አደረገኝ። መጀመሪያ ሾላ ገበያ ሄድኩ። አንዷ አትክልት ሻጭ ደህና ካሮት ከነቅጠሉ አንስታ ልትሰጠኝ ስትል ለጥንቸል መሆኑን ነገርኳት። ካሮቱን መልሳ አስቀመጠችና የጠወለገና ጥግ ጥጉ የበሰበሰ ሰላጣ ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ ለጥንቸል ይሄ መች አነሳት?» አለች።

«ይሄንን እቤትሽ ወስደሽ ብይው!» ብዬ ጮህኩባት። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ለልጄ ያላወጣሁትን ድምፅ ለሰላጣ አወጣሁት።

የንስሐ አባታችንም ቤታችን በመጡ ቁጥር ሣጥኑን በዐይናቸው ይገረምሙት ነበር። ጥንቸል የማይበላ፣ ርኩስ እንስሳ ነው፤ በክርስቲያን ግቢ ምን ይሠራል አሉ። «አባ፣ እኛ መች በላናት? እሷ ናት እየበላችን ያለችው» አልኳቸው። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማሁ። ከሐዘኑ ወዲህ ስትስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ያስተማሩኝ አንዲት የካራ ገበሬ ናቸው። ያኔ ከኮተቤ ወዲያ እርሻ ነው፤ እሳቸው በመንገዱ ዳር አትክልት ይሸጣሉ። በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ከመንገደኛ ጋር አማርኛ ነው የሚናገሩት። ጥንቸል በሰው ቤት ስትቀለብ አይተው አያውቁም፤ የሣር በል ሆድ ግን ያውቃሉ።

«ዋናው ሣር ነው ልጄ» አሉኝ። «ሰርዶ ስጣት፣ ድርቆሽ ስጣት፤ እንጀራዋ እሱ ነው። አትክልቱ ወጥ ነው፣ ማባያ። ሰው ወጥ ብቻ ይበላል?»

«የድንች ቅጠልስ እማማ?»

«እሱ ለላምም አይሆንም። የቲማቲሙንም ተወው። ያን ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ ስታገኝ ደግሞ ትንሽ፣ ያውም ጤዛው ከረገፈ። በሬ ማገጥ በልቶ ሲነፋ አይተህ አታውቅም?»

ለመሄድ ፍሬን ከለቀቅኩ በኋላ መልሼ ያዝኩና፣ «ንፍሮስ?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ሰጠሃት እንዴ? ጥራጥሬ ሆዷ ውስጥ ያብጣል። ይገድላታል።»

እንዲያው ነው የጠየቅኩት ብዬ ሄድኩ። ያን ቀን እስከ የካ ድረስ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ ምንም ያሰብኩ አይመስለኝም። ቤት ስደርስ ባለቤቴ አንድ እጅ ቆስጣ ይዛ በር ላይ ቆማለች። «ይሄ ይሆናል?» «ይሆናል፤ ግን በየቀኑ አይደለም» አልኳት። ልነግራት የምችለው ያኔ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኖርን። የካሮት ቅጠል አዎን፣ ካሮቱ ራሱ ግን ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ጣፋጭ ነው፣ ሆዷን ያበላሻል። ሰላጣ ከሆነ የውጪው አረንጓዴ ቅጠል እንጂ ነጣ ያለው የውስጡ ውኃ ነው፣ ያስቀምጣታል። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ በጭራሽ። ጥቅል ጎመን ባለቤቴ ጨርሶ ገዝታ አታውቅም፤ ለእኛም ወጥ ቢሆን። አዲስ ነገር ሲመጣ ቁራጭ ብቻ ሰጥተን እስከ ማግስቱ እናያለን። የወንዝ ዳር አትክልት ቆሻሻ ውኃ ስለሚጠጣ ሦስቴ ታጥቦ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ጠፈፍ ይላል። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሣጥኑ ላይ ያራግፍ ነበር፤ እሱን እኔ ነኝ የምለቅመው። አመድማዋ ትቀርበዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ትተወዋለች። ከእኔ ይልቅ እሷ ጠንቃቃ ነበረች።

ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ስለ ልጃችን አንነጋገርም። ሥራ ውዬ እገባለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ጠዋት «ይሄ ይሆናል?» ስባል አፌን እፈታለሁ። አንዳንዴ ስለ አንድ ቅጠል ብዙ እናወራ ነበር፤ የት እንደተገዛ፣ ትናንት ምን እንደበላች፣ በጠጧ ምን እንደሚመስል። ሰው ቢሰማን ይስቅብን ነበር።

በአራተኛው ዓመት ክረምት አመድማዋ አርጅታ ሞተች። ሳይነፋት፣ ሳትጮህ፣ ድርቆሹ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ጓሮ ቀበርኳት። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ባዶ እጇን ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የምትጠይቀኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ዝምታውን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ፈራሁ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ሸሚዜ ላይ ቁልፍ እየተከለች ሳለ፣ «ነጩን የገደለው ጎመን አይደለም» አልኳት። «ንፍሮ ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

መርፌዋን አላቆመችም። «አውቃለሁ» አለች። «ሣጥኑን የጠረግኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ባቄላው አንድም ሳይቀር እዚያው ነበር። ለቀስተኛው ሳያይ በነጠላዬ ቋጥሬ አወጣሁት።»

«ታዲያ እያወቅሽ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን ጠየቅሽኝ? ይሄ ይሆናል፣ ያ ይሆናል እያልሽ?»

«ትመልስልኝ ነበራ» አለች። «ስለ እሷ ስጠይቅህ ዝም አልከኝ። ስለ ቅጠል ስጠይቅህ ግን ትመልስልኛለህ። ሌላ በምን ላናግርህ?»

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እኔ ለእሷ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት፤ ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ። ጠበል ልታመጣ መሄዷ ራሱ ይበቃታል፣ ሌላ አልጨምርባትም ብዬ። ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር።

«አሁን ጠይቂኝ» አልኳት።

ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«መንገድ ላይ ምን አለችህ?»

«አንቺን ነው የጠራችው» አልኳት። «ከቤት ጀምሮ እስክንደርስ ድረስ አንቺን ነው የጠራችው። እኔ ሹፌሩ ነበርኩ።»