የብሎካችን ፓምፕ በፀሐይ

ለሚ ኩራ ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየም እንደገባሁ አንድ ነገር አላስችል አለኝ። በብሎካችን ግራውንድ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በበጋ ሙቀት እንኳ መስኮታቸውን አይከፍቱም። ትግራይ ተወልደው ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ የፈጁ ናቸው፤ ሁላችንም በትግርኛ እናቴ ለማለት አደይ እንላቸዋለን። ጎረቤት ብጠይቅ አንዱ ሌባ ፈርተው ነው አለኝ፣ ሌላው ብርድ አይወዱም አለኝ። እኔ ኤርፖርት ካርጎ ስለምሠራ ቀን ቀን ሰፈር አልውልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ጠፋ። እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ያለ መብራት አይሠራም። ስለዚህ ጥበቃው ጄኔሬተሩን አስነሳ። እኔ ሻይ ቅጠል አልቆብኝ ስለነበር ልበደር ብዬ ወደ አደይ ወረድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ የናፍጣ ጭስ አፍንጫዬን መታኝ። ጄኔሬተሩ የቆመው ልክ ከመስኮታቸው ሥር ነው። እያሳላቸው ወንበር ሰጡኝ።

«ለምን ለኮሚቴው አይነግሩም?» አልኳቸው።

«እኔ ከተናገርኩ ለእናንተ ውሃው በምን ይወጣል፣ ልጄ?»



በማግስቱ ነገሩን አራተኛ ፎቅ ለምትኖር መሐንዲስ አጫወትኳት። ከግድብ የሚመጣው መብራታችን ጭስ እንደሌለው፣ የሚያጨሰው እኛው ግቢ ያቆምነው ጄኔሬተር እንደሆነ ነገረችኝ። ፓምፑን ግን ፀሐይ ልታስነሳው ትችላለች አለች። ጥያቄ አበዛሁባት፤ በረዶ ቢጥልስ? ሲጨልምስ?

«የምናጠራቅመው ውሃውን ነው» አለችኝ። «ቀን ላይ ጣሪያው ጋ ያለውን ታንከር ከሞላነው፣ ማታ በራሱ ይወርዳል።»

አደይን አስፈቅጄ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያየሁትንና የመሐንዲሷን ሐሳብ ተናገርኩ። ሶላር የገጠር ነው፣ እኛ ከተማ ነን እያሉ ሲከራከሩ የነበሩ አንድ አባት ጭሱ አደይ ቤት እንደሚገባ አለማወቃቸውን ተናገሩ። መዋጮው ወራት ወሰደ፤ በመጨረሻ ሶላሮቹ ቆርቆሮው ላይ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት የጠፋ ቀን ግቢው ጭጭ አለ። ሰው ሁሉ ጄኔሬተሩን እየጠበቀ በረንዳ ላይ ወጣ። እኔ ሮጬ ቧንቧ ከፈትኩ፤ ውሃው መጣ። ወርጄ ሳይ አደይ መስኮታቸውን ከፍተው ተደግፈዋል።

«ለካ እዚህ ግቢ ወፍ አለ» አሉኝ።

ሁሉም ነገር ግን አልሰመረልንም። ሐምሌ ላይ ደመናው አልነሳ ሲል ታንከሩ ጎደለ፤ ጄኔሬተሩን መልሰን አስነሳነው። ያኔ ግን ከአደይ ቤት አርቀን ወደ መኪና ማቆሚያው ወስደነው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የጎን ብሎክ ሰዎች ሊያዩ መጡ፤ እኔ የጠየቅኩትን ሁሉ ጠየቁ። መሐንዲሷ ሰፈሩ በሙሉ ያለ ጭስ መኖር ይችላል እያለች ታስረዳቸዋለች። አንድ ቀን ሶላሮቹን ልትወለውል ስትወጣ ተከትያት መሰላሉን ወጣሁ። የሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ቦሌ ላይ አውሮፕላን እስከሚያርፍበት ድረስ ተዘርግቷል። በዚህ ሁሉ ላይ በቀን ስንት ፀሐይ ይወርድ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት።

መወልወሏን ትታ እሷም ማየት ጀመረች። «እሱን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ።