የአያ ሙላት ማሳ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። በየጊዜው እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ዋሸሁ፣ ሰው አማሁ፣ ጾም ገደፍኩ እላለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያት አልፋለሁ። እስቲ ለእናንተ ልናገራት።

በተወለድኩበት ቀበሌ፣ ሮብ ገበያ አጠገብ፣ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። የጥንቶቹን የግሪክ ፈላስፎች ማስተማር እወድ ነበር። ገዢ ከራሱ ጥቅም የሕዝቡን ያስቀድም፣ ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው እላለሁ። ከእነሱም አንዱ፣ ሰው አውቆ ክፉ አይሠራም፣ ክፋት ካለማወቅ ነው ብሎ ያምን እንደነበር ሳስረዳ ራሴን እንዴት እወደው ነበር።

በዚያው ሰሞን የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ሁሉ ቢሮክራት እየተባለ መሬቱ ሊቀነስ ሆነ። ጎረቤታችን አያ ሙላት የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩና፣ ልጆቻችንን ለውትድርና አሳፍሰዋል ተብለው ስብሰባ ፊት ቆሙ።

“እኔ ምን ልበል፣ መምህሩ ይንገራችሁ” አሉ።

ታላቅ ወንድሜን ከአፈሳ ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ጎተራቸው ውስጥ ደብቀው፣ በራሳቸው እጅ እያበሉ። ይህን ከእኛና ከእሳቸው ቤት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ተነሣሁ። “እኔ የማውቀው ነገር የለም” አልኩ። አባቴ አጠገቤ አንገቱን ደፋ።

ለምን? ማን አስፈራራኝ? ማንም። ማሳቸው ከማሳችን ጋር ድንበርተኛ ነው፤ ከተቀነሰባቸው ለአባቴ እንደሚደርስ የሽግሽጉ ኮሚቴ ሰዎች አስቀድመው ሹክ ብለውን ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ደረሰንም።

ልጃቸው ጥሩወርቅ ተማሪዬ ነበረች። በማግስቱ እጇን አወጣች፤ “መምህር፣ አውቆ የሠራስ ምን ይባላል?”

“እሱ ፈተና ላይ አይመጣም” አልኳት። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን አቋርጣ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ የቀረው መሬት ሊያኖራቸው አልቻለም።

ከዓመታት በኋላ ሉማሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ሻይ ቤት ውስጥ አያ ሙላትን አገኘኋቸው። አርጅተዋል። ወንበር ሳቡልኝና “ወንድምህ ደህና ነው?” አሉኝ። ይቅር በሉኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ይቅርታ ከጠየቅኩ ማሳውን መመለሴ አይቀርም። ሻያቸውን ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን እሳቸውም አባቴም አርፈዋል፤ ማሳው በእኔ እጅ ነው። ይዤው እንዴት ብዬ ይቅርታ ልለምን? ጥሩወርቅ የምትኖርበትን ሰፈር አውቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ እስከ በሯ ሄጄ ተመልሻለሁ። ዘንድሮም ጤፍ አስዘርቼበታለሁ።