ሁለት ጣት የቀረው ዚፕ

እኛ ስፌት ቤት ሦስት ልክ አለ፤ ስሞል፣ ሚዲየምና ላርጅ። ስሞልና ላርጅ ጭንቅላት የሌላቸው የልብስ አሻንጉሊቶች ናቸው። ላርጅ እንዲያውም ድሮ ስሞል ነበር፤ በጥጥና በብጥስጣሽ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ያደገው። ሚዲየም ግን ሰው ናት። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፣ ባል አላት፣ አንዲት ልጅ አለቻት። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ስትናደድ ደግሞ ስፒል ትነክሳለች። ባለፉት ወራት ስንት ስፒል እንዳጣመመች እኔ ካውያ ላይ ሆኜ ቆጥሬ ደክሞኛል።

እንዴት ሚዲየም እንደሆነች ልንገራችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የመካከለኛው አሻንጉሊት እግር ተሰበረ። ቆራጩ፣ ጋሼ መቀስ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ያን ቀን የሚያስረክቡት ሥራ ነበረና ዙሪያቸውን ሲቃኙ ዓይናቸው እሷ ላይ አረፈ።

"ነይ እስቲ አንቺ፣ አንድ አፍታ ቁሚልኝ" አሏት።

ቆመች። ከካርቶን የተቆረጠውን የልብስ ልክ ደረቷ ላይ ለጠፉ፣ ወገቧ ላይ ስፒል ሰኩ፣ አዙረው አዩና "እንዴ! ይቺ ልጅ ከአሻንጉሊቱ አትሻልም እንዴ?" አሉ። ያቺ አንድ አፍታ ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀችም። አሻንጉሊቱ ይጠገናል ተብሎ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ኮታችንን እንሰቅልበታለን።

ጋሼ መቀስ ሜትር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ እንጂ አይለኩበትም። "ሜትር ስንቴ ጉድ ሠርቶኛል፤ እሷ ግን አንድ ቀን አላሳፈረችኝም" ይላሉ። ስለዚህ ከቤታችን የሚወጣ መካከለኛ ልብስ ሁሉ፣ የጸሐፊ ቀሚስ ይሁን የፋብሪካ ቱታ፣ መጀመሪያ እሷ ገላ ላይ ይወጣል። እሷን ልክ ካላት ልክ ነው። ቁጥር የሚባል ነገር የትም አልተጻፈም።

በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ ለራሷ የሰፋችው አንድ ቀሚስ ብቻ ነው። አረንጓዴ፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ጎኑ ላይ ዚፕ ያለው። ከስድስት ዓመት በፊት በሦስት እሁድ ራሷ ቆርጣ ራሷ ሰፋችው፤ ማንም ስፒል አልሰካባትም። አንድ ቀን ለብሳው ቁም ሳጥን ገባ። ልጇ ከኮሌጅ ልትመረቅ ሦስት ወር ሲቀራት አወጣችና ለበሰችው። ዚፑ ከብብቷ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ። ሆዷን ሳበች። አልጋ ላይ ተጋደመች። በመጨረሻ ባሏን ጠራች። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ከበር ጋር ሲታገል ነው የኖረው። ዚፑን ይዞ ጎተተ። ዚፑ ንቅንቅ አላለም፤ የተቆነጠጠችው እሷ ናት።

"አንቺ እንደሆነ ያው ቆንጆ ነሽ" አላት፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

"ቆንጆ ነኝ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ? ዝጋው ነው ያልኩህ!"

በማግስቱ ከስፌት ቤታችን ማዶ ካለው ክሊኒክ ገባች። የነርሶቹ አለቃ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያሰረች ሴት፣ ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ ቁመቷንም ወገቧንም ለክታ መዝገብ ላይ ጻፈች።

"ስልሳ አራት ኪሎ፣ ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት። ጤነኛ ነሽ። ምን ልርዳሽ?"

"መቀነስ ፈልጌ ነው ሲስተር።"

"ምኑን?"

"ኪሎውን ነዋ!"

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። "እኔ ጋ በቀን ሃያ ሰው ይመጣል፣ እባካችሁ ቀንሱ ብዬ የምለምነው። አንቺን ደግሞ ተይ ብዬ ልለምን? ሁለት ሦስት ኪሎ ብትቀንሺ አትጎጂም፣ ባትቀንሺም አትጎጂም። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ብዙ ትርፍ የሌለው ሰውነት እንደዋዛ አይለቅም። ምግብ እንዳትዘይ። ስኳሯን ተያት፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ደረጃ ውጪ። ደግሞ በየቀኑ ሚዛን ላይ እንዳትወጪ፤ ጨው በበላሽ ቁጥር ውሃ እየያዝሽ ትበሳጫለሽ።"

ሚዲየም ሁሉንም ሰማች፣ የመጨረሻዋን ብቻ አልሰማችም። ከክሊኒኩ ወጥታ በቀጥታ ሚዛን ገዛች። ሚዛኑ ስልሳ ላይ ካልቆመ ያን ቀሚስ በእጄ አልነካም ብላም ማለች። ለምን ስልሳ? ቀሚሱን የሰፋች ጊዜ ስልሳ ነበረቻ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አያድርስ ነው። ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ፊቷን አይታችሁ ግን መድኃኒት ነው የምትሉት። ዳቦ በግማሽ ትቆርጥና ግማሹን እንደ ጠላት ታየዋለች። አውቶቡስ እርም አለች፤ አውቶቡሱ ደግሞ የባሏ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ በእግረኛው መንገድ ትራመዳለች፣ እሱ ከጎኗ ቀስ እያለ በሩን ከፍቶ ይነዳል።

"ግቢ እንጂ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ሂድልኝ አልኩህ!"

"ጋሼ ሾፌር" ብሎ አንድ ተሳፋሪ ጮኸ አሉ፣ "ከሚስትህ ጋር ማታ ቤትህ ትታረቃለህ፤ እኛ ሥራ ረፍዶብናል!"

ሚዛኑስ? ሚዛኑ አላገጠባት። በሁለት ሳምንት ስልሳ ሦስት ከግማሽ አላት፤ ጨፈረች። በማግስቱ ስልሳ አራት ከሁለት መቶ ግራም። አንድ ወር ሙሉ ስልሳ ሦስት ላይ ተቸክሎ ቆየ። ጠዋት ጠዋት ካውያዬ አጠገብ ቆማ ሪፖርት ታቀርባለች።

"ሦስት ሳምንት ጎመን በልቼ መቶ ግራም! መቶ ግራምማ ጥፍሬን ብቆርጥስ አይወጣም ነበር?"

"ከምንሽ ላይ ነው ደግሞ የምትቀንሺው?" ይላሉ ስፌት መኪና ላይ ያሉት ሴቶች። "እንደኛ ብትሆኚ ምን ልትይ ነው?"

ይቺ ነገር ናት ከሁሉ በላይ የምታንገበግባት። የወፈረ ሰው ልቀንስ ቢል ሁሉም ያዝንለታል፣ ይመክረዋል። እሷ ግን ባለጸጋ ሆና የምትለምን ነው የምትመስለው። ማንም አያዝንላትም። አንድ ቀን ተቆጥታ እንዲህ አለችኝ፦ "የዚህ ከተማ ሴት ሁሉ በኔ ገላ ተለክቶ ይለብሳል። እኔ ለራሴ ያለችኝ አንዲት ቀሚስ ናት። እሷ እንኳ እንቢ ትበለኝ?" ከዚያ ወዲያ ላሾፍባት ፈልጌ ምላሴ እንቢ አለኝ።

በሦስተኛው ወር ከማዶው ክሊኒክ የስልሳ ጋውን ትእዛዝ መጣ። ሠላሳ ስምንቱ መካከለኛ። ጋሼ መቀስ እንደ ወትሮው አቆሟት፣ ካርቶኑን ለጠፉባት፣ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

"ይሄ ካርቶን ሰፋብኝሳ።"

"ካርቶን ይሰፋል እንዴ ጋሼ?" አልኩ።

"እርጥበት ሲጠጣ ነዋ! ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ስንቴ ተናገርኩ?" አሉና መቀሳቸውን አንስተው ካርቶኑን ግራና ቀኝ ከረከሙት።

አትፍረዱብን። በየቀኑ "አልቀነስኩም፣ ምንም አልቀነስኩም" እያለች ስትምል ማን ይጠርጥር? እሷ ራሷ አልጠረጠረችም። ጋውኖቹ ተሰፉ፣ እኔም ተኮስኳቸው፣ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን በሩ ተበረገደ። ሲስተር ናት። አዲሱን ጋውን ለብሳለች፣ መሀል ላይ ያሉት ሁለት ቁልፎች ግን እንደ ተጣላ ጎረቤት ከቀዳዳቸው ርቀዋል። ከኋላዋ ሁለት ነርሶች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

"ባለቤቷን ጥሩልኝ!"

የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላት፣ ፈገግ ብላ መጣች። ፈገግታዋ ጋውኑን እስክታይ ነው የቆየው። "ሲስተር፣ እንግዲህ... ምናልባት እናንተም ትንሽ ተመችቷችሁ እንደሆነ..."

ምነው ባልተናገረችው!

"ተመዝነናል!" አለች ሲስተር። "ሠላሳ ስምንት ሴት ጠዋት ሚዛን ላይ ስትሰለፍ በሽተኛው ቆሞ ነው የጠበቀን! አንዷ አልቅሳለች፣ አንዷ ምሳ አልበላም ብላለች። ደግሞ ማንም አልጨመረም፤ መዝገብ አለን!"

ጋሼ መቀስ ከጠረጴዛቸው ተነሡ። "የኔ ልክ ዘጠኝ ዓመት ተሳስቶ አያውቅም! ሚዲየም፣ ነይ ቁሚ! ልበሺው!"

ለበሰችው። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። እጥፋት የለ፣ መጨማደድ የለ።

"ይኸው!" አሉ ጋሼ።

ሲስተር ግን ጋውኑን አላየችም። መነጽሯን አጥልቃ የሚዲየምን ፊት ነበር የምታየው። "ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ያቺ... መቀነስ ፈልጌ ነው ብለሽ የመጣሽው አይደለሽም?"

ሁላችንም ወደ ሚዲየም ዞርን።

"አልቀነስኩም እኮ ሲስተር!" አለች ሚዲየም፣ ልቅሶ በቀረው ድምፅ። "ዛሬ ጠዋት እንኳ ስልሳ ሁለት ነኝ! በሦስት ወር ሁለት ኪሎ ምን ይባላል?"

ሲስተር ከጋሼ መቀስ አንገት ላይ ሜትሩን ሳብ አደረገች፤ እሳቸው እንደተዘረፈ ሰው አንገታቸውን ያዙ። በሚዲየም ወገብ ዙሪያ አሳለፈችው።

"ሰባ ስድስት። ያን ቀን ሰማንያ ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። ስድስት ሴንቲ ጠፍቷል! ያን ያህል ስትራመጂና ደረጃ ስትወጪ ሰውነትሽ ጠበቀ፤ ሚዛን ደግሞ ወገብ አይለካም።"

ሁላችንም ሚዲየም ትደነግጣለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን "ስድስት?" አለች። "እስቲ ድገሚው።" ሲስተር ደገመችው። ስድስት ነው። የሚዲየም ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሥራው ሁሉ ገደል ገብቶ እሷ ትስቃለች!

እትዬ ግን አልሳቀችም። "የሠላሳ ስምንቱም ስፌት ተፈትቶ በሦስት ቀን ይለቀቅ!" አለች። ከዚያ ወደ ሚዲየም ዞረች። "አንቺ ደግሞ የወሰድሽውን መልሺ።"

"ምን ወሰድኩ?"

"ስድስቱን ሴንቲ! በአሥራ አምስት ቀን ሌላ ሥራ ይገባል። ከነገ ጀምሮ ዳቦና ቅቤ አስመጣልሻለሁ፤ በልተሽ ልክሽ ላይ ትጠብቂኛለሽ። ካልሆነ የሚቆምልኝ ሰው ፈልጌ መኪናሽንም ለሷ እሰጣለሁ።"

አስራ አንድ ዓመት የሠራችበት መኪና ነው። ሳቋ ቆመ። ስፒል ነከሰች፣ አወጣችው፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ድረስ ሄደች። ከተሰበረው አሻንጉሊት ላይ ኮቶቻችንን አንድ በአንድ አንስታ መሬት ጣለች፤ የኔን ጭምር። አሻንጉሊቱን በብብቷ እየጎተተች መጥታ ጋሼ መቀስ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችው።

"እግሩን በምስማር ይምቱልኝ ጋሼ። ወገቡ ሰማንያ ሁለት እስኪሆን ጥጥ ይጠቅልሉበት። ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ይጻፉት። እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ጋውን ልልቀቅ። እትዬ፣ ይሄ ወገብ የስፌት ቤቱ ዕቃ አይደለም። መኪናውን ለሌላ ከሰጠሽም ዛሬ ስጪ፤ ሠላሳ ስምንቱን እሷ ትለቃለች።"

እትዬ ሠላሳ ስምንቱን ጋውን አየች። የመኪና ሴቶቹን አየች፤ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። እንዲህ ያለ ስፌት ጨርቁን ሳይቀድ የሚፈታ እጅ ከሚዲየም ሌላ እንደሌለን ታውቃለች። "እሺ፣ ምስማር አምጡላቸው" ብላ ቢሮዋ ገባች። ዳቦና ቅቤውን በማግስቱ ራሷ ስትበላው አየሁ፤ ሐሜት አይሁንብኝና።

ጋሼ መቀስ ምስማሩን እየመቱ አንድ ነገር ገባቸው። መዶሻውን አወረዱ። "እንዴ... ታዲያ ከዚያ በፊት ስትወፍርስ? እኔ ካርቶኑን ያለ ምክንያት ነው እንዴ ስቀጥል የኖርኩት? ስድስት ዓመት ሙሉ ከሷ ጋር አብረን ስንወፍር ነበር ማለት ነው!"

"ለዚያ ነዋ ደንበኛ ሁሉ የናንተ ልብስ ይመቻል የሚለን" አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ጋውን ስትለቅ ጋሼ አጠገቧ ተቀመጡ። "ለመሆኑ ያ ቀሚስሽ ውስጡ ትርፍ ጨርቅ የለውም?"

"አለው። ሁለት ጣት ሙሉ።"

"ታዲያ ምን አንቺን የመሰለች ባለሙያ ሦስት ወር ያስለፋታል? የአሥር ደቂቃ ሥራ አይደለም?"

"ለሰው ሁሉ እለቃለሁ ጋሼ" አለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። "ለዚች ቀሚስ ግን እሷ ከምትመጣልኝ እኔ ልሂድላት ብዬ ነው።"

ያን ዕለት ቤቷ ገብታ መሐላዋን አፈረሰች። ሚዛኑን አልጋ ስር አስገብታ ቀሚሱን አወጣች። ባሏ ለእርዳታ ተነሣ፤ እጇን ዘርግታ እዚያው አስቆመችው። ልጇ በአንድ ጣት ሳበችው። ዚፑ እስከ ብብቷ ወጣ።

የምርቃቱ ዕለት አረንጓዴውን ለብሳ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያገኘቻት የባሏ እህት ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ውይ በሞትኩት! ምነው እንዲህ ከሳሽ? አሞሻል እንዴ?"

ሚዲየም ስፒል ፈልጋ እጇ ወደ ከንፈሯ ሄደ፤ አልያዘችም። "አላመመኝም። ልኬ ነው" አለች።

ማን አምኗት። ምሳ እስኪቀርብ አራት ዘመድ እየተንሾካሾከ ሐኪም እንድታይ መከራት። አምስተኛዋ፣ የባሏ አክስት፣ ወደ ጥግ ወስዳ እጇን ያዘቻት።

"አትደብቂን የኔ ልጅ። የናንተ ስፌት ቤት ማዶ አንዲት ጎበዝ ነርስ አለች ይባላል፣ መነጽሯን በሰንሰለት የምታስር። ታውቂያታለሽ?"

"አውቃታለሁ" አለች ሚዲየም። "ጋውኗን የለቀቅሁላት እኔ ነኝ።"