የሹሜይ ስም

ኢሽቤል የስኮትላንድ ልጅ ናት፤ ዝናብና ነፋስ ጠግባ ያደገች። በሰሜን ቻይና፣ ዩንሼ ከተማ ወዳለ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ልታስተምር ስትመጣ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር ትላለች። በመጀመሪያው የበረዶ ወር አንድ ጠዋት ታጥባ፣ ፀጉሯን ሳታደርቅ ወጣች። ገና አንድ ትንፋሽ ስትስብ የአፍንጫዋ ውስጥ ፀጉር እንደ ሽቦ ቀጥ አለ። የኮሌጁ በር ስትደርስ ደግሞ የራሷ ፀጉር እንደ ደረቅ ጭራሮ እርስ በርሱ ይንኳኳ ጀመር። ዘበኛው ከጎጆው ብቅ ብሎ አያት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ራስሽን እንደ ዓሣ ልታደርቂው ነው እንዴ? ግቢ! ቶሎ ግቢ!»

ያን ቀን ከብርድ ያስጣለቻት ጓን ሹሜይ ናት። ሹሜይ የእንግሊዝኛ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከኢሽቤል ቢያንስም ቁጣዋ የአክስት ነው። ክንዷን ይዛ ገበያ ወሰደቻት፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥጥ የተጠቀጠቀበት ካፖርትና ሁለት ወፍራም የውስጥ ሱሪ አስገዛቻት። ቤቷ ድረስ መጥታ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በፕላስተር ለጠፈችላት። «እትዬ፣ ያለ ውስጥ ሱሪ ወጥተሽ ባገኝሽ ተማሪዎችሽ ፊት ነው የማዋርድሽ» አለቻት።

ቀልድ መስሏት ነበር። በማግስቱ ክፍል ስትገባ የፊት ወንበር ላይ ያሉት ሴት ተማሪዎች ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚቷን አዩ።

«ቲቸር፣ የውስጥ ሱሪ ለብሰዋል?»

ኢሽቤል ክው አለች። በአገሯ ሰው መምህሩን እንዲህ አይጠይቅም። ዓመታት አልፈው ግን እሷም እንደነሱ ሆነች። ጉንፋን የያዘው ተማሪ ካየች «ሙቅ ውኃ ጠጣ! ሱሪ ደርብ!» ትላለች። የጎረቤቶቿን ጎመን በደረጃው ላይ ተከምሮ ስታይ ለራሷም ለብርዱ ወራት ትከምራለች፤ ከብርድ የተነሣ ድንጋይ የሆነውን እንኮይ በቀዝቃዛ ውኃ አፍታታ ትመጠምጣለች። ቻይንኛዋ የሰሜን ገበሬ ቻይንኛ ሆነ። ይህን ሁሉ ያስተማረቻት ሹሜይ ናት። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ በዚያ ከተማ ዘመድሽ ማን ነው ቢሏት «ሹሜይ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

ነገሩ የመጣው በአንድ ተራ የክፍል ውይይት ነው። አዲስ ገቢዎቹን ተማሪዎች ስለ እናቶቻቸው በእንግሊዝኛ ተናገሩ አለቻቸው። አንዷ እናቴ ጥሩ አብሳይ ናት አለች፤ ሌላው እናቴ ቁማር ትወዳለች ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ተራው ታንግ ሩይ የምትባል፣ ብርድ ጉንጯን ያቀላው የገጠር ልጅ ደረሰ። ተነሥታ ጠረጴዛውን ጨበጠች።

«እናቴ አሳማ ታረባለች» አለች። «ድሮ የእንግሊዝኛ መምህርት መሆን ትፈልግ ነበር። በትምህርት ቤታቸው እሷን የሚያህል አልነበረም። ወደዚህ ኮሌጅ ለመግባት ተፈትና ነበር፤ ግን ወድቀሻል ተባለች። መምህሯ እስኪሞት ድረስ ‹አይሆንም፣ እሷ አትወድቅም› ይል ነበር። ስሟ ጓን ሹሜይ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «እንደ ኃላፊያችን!» ተባለ። ኢሽቤልም አብራ ሳቀች። ሞክሼ በሞላበት አገር ይሄ ምን ይገርማል?

ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት፣ የብርዱ ወገብ በሚባለው በዓል ጂያኦዚ የሚባለውን፣ ሥጋ የታጨቀበት ቅቅል ሊጥ ያልበላ ሰው ጆሮው በብርድ ይረግፋል ይባላል። ኢሽቤል በየዓመቱ ጂያኦዚዋን የምትበላው ሹሜይ ቤት ነው። የሹሜይ ባል ዳሊያን ወደብ ስለሚሠራ ሁለቱ ብቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊጡን እየዳመጡ፣ ሥጋና ጎመኑን መሐሉ እያደረጉ፣ ጠርዙን በጣት እየቆነጠጡ ይጨዋወታሉ። የኢሽቤል ጂያኦዚ እንደ ሰካራም ይንጋደዳል፤ የሹሜይ ግን እንደ ወታደር ነው።

«ሞክሼ አግኝቼልሻለሁ» አለች ኢሽቤል።

«የምን ሞክሼ?»

«የአንዷ ተማሪዬ እናት ጓን ሹሜይ ትባላለች። ያውም ከናንተው ወረዳ ናት። እዚሁ ኮሌጅ ለመግባት ተፈትና ወድቃ ነው አሉ፤ አሁን አሳማ ታረባለች። አስቢው፣ አንቺ ብትወድቂ ኖሮ ያ አንቺ ነበርሽ!»

ሹሜይ ሳቀች። ጣቶቿ ግን አንዱን ጂያኦዚ ደግመው ደጋግመው ይቆነጥጡ ነበር፤ ጠርዙ ሳስቶ ሥጋው እስኪታይ።

«ልጅቷ ማን ትባላለች?»

«ታንግ ሩይ።»

«እህ» አለች ሹሜይ፤ ተነሥታም ድስቱን ከደነችው። ያን ቀን ጂያኦዚው ግማሹ ድስት ውስጥ ፈነዳ። ሹሜይ ቤት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ኢሽቤል ሾርባ አድርገን እንብላው ብላ ቀለደች።

ከዚያ በኋላ ታንግ ሩይ ከክፍል ጠፋች። ኢሽቤል አሟት ይሆናል አለች። አንድ ቀን ግን በተማሪዎች ምግብ ቤት ብቻዋን ስትበላ አገኘቻት።

«ምነው ጠፋሽ?»

ልጅቷ ቀና ሳትል «ወደ ሒሳብ አያያዝ ተዛውሬያለሁ» አለች። «ኃላፊዋ ጠርታኝ እንግሊዝኛሽ ደካማ ነው አለችኝ። ስለ እናቴም ጠየቀችኝ። የቤት ገመና ሰው ፊት አይወራም ብላ ተቆጣችኝ።»

«ስለ እናትሽ ማን ነገራት?»

ልጅቷ ያኔ ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግርምት ብቻ።

«ቲቸር፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይነግራታል?»

ኢሽቤል የያዘችው ሳህን ከበዳት። ቀጥታ ሹሜይ ቢሮ ሄደች። ሹሜይ ግን ሻይ እየቀዳችላት «እትዬ፣ ደግ ነው የሠራሁላት» አለች። «የገበሬ ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛ ምን ያበላታል? ሒሳብ ያወቀ ሥራ አያጣም።» ኢሽቤል ሻዩን ጠጣች። ልታምናት ፈለገችና በግድ አመነቻት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እያስተማረች ሳለ በሩ ተበረገደ። አንዲት ሴት ቆማለች። ጥጥ የተሞላ ሱሪዋ ጉልበቱ ጋ አርጅቷል፤ ፊቷን የጠመጠመችበት ሻርፕ በትንፋሿ በረዶ ነጭ ሆኗል፤ ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ነው። ከኋላዋ ታንግ ሩይ እጅጌዋን እየጎተተች «እማዬ፣ በእናትሽ እንሂድ» ትላለች።

«መምህርቷ እርስዎ ነዎት?» አለች ሴትዮዋ። «ይቅርታ፣ ትምህርት አቋረጥኩ። ጓን ሹሜይ እባላለሁ። ልጄ የነገረችኝን፣ ስሜን የያዘችዋን ሴት ላያት ነው የመጣሁ።»

ኢሽቤል ጠመኔውን አስቀመጠችና ምን እንደሚመጣ ሳታውቅ መንገድ መራቻቸው። በልቧ ሁለቱ ሞክሼዎች ሲተያዩ ጥርጣሬው ይጠራል፣ ይስቃሉ፣ ነገሩም ያልፋል ብላ ነበር።

ቢሮው በር ላይ ሴትዮዋ ሻርፗን ፈታች። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችውን አየቻት። እጇን ጭኗ ላይ መታች።

«ዢያኦቼን! የወረዳው ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣ የሉዋን ልጅ! እኔ እኮ የማላውቃት አገኛለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። አንቺ ነሽ?»

ኢሽቤል ወደ ጓደኛዋ ዞረች። የጓደኛዋ ፊት ደም የሚባል አልቀረበትም።

«እትዬ፣ በሩን ዝጊው» አለች ድምፅዋ ሰልሎ።

«ይከፈት እንጂ!» አለች ሴትዮዋ። «ምን ያሳፍራል? ከኋላዬ አልነበር የምትቀመጪው? ትከሻዬን እየነካሽ ‹ሹሜይ፣ ሦስተኛውን አሳዪኝ› አልነበር የምትይኝ? አሳየሁሽ። ሁሌም አሳየሁሽ። ለካ መልሱ አልበቃሽም፣ ስሜን ጭምር ነው የቀዳሽው!»

«አባቴ ነው ያደረገው። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የኮሌጅ መግቢያ ደብዳቤሽ ቢሮው ሲደርስ... እሷ ተወችው፣ ልታገባ ነው፤ በስሟ ግቢ አለኝ።»

«አመንሽው?»

ዢያኦቼን ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ትሰበስብ ጀመር።

«አባትሽ ሞቷል፤ አፈሩን ያቅልልለት። ስሜን በየቀኑ ስትለብሺው የኖርሽው ግን አንቺ ነሽ። እኔን መንደሩ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ‹ወዳቂዋ›። ወድቃለች ሲባል አባቴ አፍሮ ከቤት ሳይወጣ ከረመ። ለመጀመሪያው ጠያቂ ሰጠኝ። ባሌ ሞቅ ባለው ቁጥር ‹ኑ፣ የኮሌጅ ምሩቋን አሳማ ስታበላ እዩ› እያለ ሰው ይሰበስብብኛል።»

ዢያኦቼን ተነሥታ እጇን ለመያዝ ሞከረች። «ለሩይ የምትፈልጊውን አደርጋለሁ። ሥራ አስገባታለሁ፤ እዚሁ አስቀራታለሁ...»

«ልጄን ወደ ክፍሏ መልሻት። እሱ ውለታ አይደለም፣ የራሷ ነው። ከዚያ ስሜን አውልቂ።»

ያኔ ዢያኦቼን ወደ ኢሽቤል ዞረች። እንባዋ ይወርዳል። «እትዬ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ንገሪያት።»

ኢሽቤል አፏን ከፈተች። ልትናገር የምትችለው ብዙ ነበር፤ ካፖርቱ፣ ራሷ የታመመች ጊዜ ጓደኛዋ አልጋዋ አጠገብ ማደሯ፣ የሳቁት ሳቅ። ከአፏ የወጣው ግን ራሷንም አስደነገጣት።

«ስምሽን እንኳ አላውቅም ነበር እኮ» አለች።

በማግስቱ የሩይ እናት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። ሰውየው ጉዳዩ ከግቢ እንዳይወጣ ፈለገ። ኢሽቤልን ለብቻዋ ጠርቶ ወንበር ሳበላት።

«የትምህርት ቤቱን ክብር ማዳን የሁላችንም ነው» አለ። «እርስዎ ደግሞ የውጭ ሰው ነዎት። የገጠር ሰው አነጋገር ይከብዳል፤ የተባባሉት በደንብ ያልገባዎት ሊሆን ይችላል። ይህን ቢሉ ማንም አይወቅስዎትም።»

መውጫ በር ነበር የከፈተላት። ለጓደኛዋም ይሆን ነበር። ኢሽቤል መስኮቱን ተመለከተች፤ በረዶው ውስጥ ሩይና እናቷ ለመሞቅ እግራቸውን እያፈራረቁ ቆመው ይጠብቃሉ።

«አንድ ቃል ሳይቀር ገብቶኛል» አለች በዚያ በገበሬ ቻይንኛዋ። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። ወሬውን ወስዳ ለጓደኛዋ የነገረች፣ ልጅቷንም ከክፍል ያስወጣች የራሷ ምላስ መሆኗን አልደበቀችም።

ከዚያ ነገሩ የሚሸፈን አልሆነም። ዢያኦቼን ከሥራዋ ተነሣች፤ በተሰረቀው ስም ያገኘችው ማስረጃ ሁሉ ተሰረዘ። ሩይ ወደ እንግሊዝኛ ክፍሏ ተመለሰች። ተማሪዎች «ቲቸር፣ ኃላፊያችን...» ብለው ይጀምሩና መጨረሻውን ይውጡታል፤ ምን ብለው እንደሚጠሯት የሚያውቅ የለም።

ኢሽቤል ለሳምንት ያህል ወደ ጓደኛዋ ቤት እግሯ አልሄድ አላት። ስትሄድ ዢያኦቼን ሳጥን ስታስር አገኘቻት። ገመዱን ያዘችላት።

«ዳሊያን፣ ባሌ ጋ ልሄድ ነው» አለች ዢያኦቼን።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«የት አውቆ። እሱም ሹሜይ ሲለኝ ነው የኖረው።»

«አሁንስ ምን ይልሻል?»

«ምንም። ሲደውል ‹አንቺ› ይለኛል።» ቋጠሮውን አጠበቀች። «አባቴ ከሞተ ወዲህ ዢያኦቼን ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ስትጠራኝ፣ እትዬ፣ በመጀመሪያ የደነገጥኩት ደስ ስላለኝ ነው።»

ኢሽቤል ይቅር አልኩሽ አላለቻትም፤ አልቆረጠላትም። እስከ አውቶቡሱ ግን ሸኘቻት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ስሟን ጠርታ ልትሰናበታት ፈልጋ የቱን እንደምትጠራ ግራ ገባትና እጇን ብቻ አወዛወዘች።

የአዲስ ዓመታቸው በዓል ሲደርስ የሩይ እናት ኢሽቤልን መንደሯ ጠራቻት። ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጡብ መደብ ላይ አስቀመጠቻት፤ የአሳማ ሥጋና የኮመጠጠ ጎመን ቀረበ። ኮሌጁ ከፈለገች ገብታ እንድትማር ፈቅዶላት እንደሆነ ኢሽቤል ጠየቀቻት።

«ፈቀዱልኝ። አሳማዎቹን እነሱ ያበላሉ?» አለች ሹሜይ። «እንግሊዝኛውማ ሁሉም ጠፍቶብኛል። ‹ጉድ ሞርኒንግ› ብቻ ቀርቶኛል፤ እሱንም ለአሳማዎቹ ነው የምለው።»

ባሏ ጥግ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ያኔ ውጭ እንጨት ላይ የተሰቀለው የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ተንኳኩቶ የሊቀ መንበሩ ጉሮሮ ማጽዳት ተሰማ። ስለ ርችት ጥንቃቄ ተናገረ፤ ስለ ጠፋ ውሻ ተናገረ። ቀጠለና፣ «የታንግ ባለቤት ጓን ሹሜይ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፋ እንደነበር ተረጋግጧል። መንደሩ ይወቅልን» አለ።

ባልየው የያዘው ፍሬ ከእጁ ወደቀ። ሹሜይ ቢላዋውን እንደያዘች ጎመኑ ላይ ቀረች። ይህን እንደሚሉ ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። ሩይ ሮጣ ወገቧን አቀፈቻት።

«አባቴ ቢሰማ» አለች ሹሜይ ቀስ ብላ። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ጮኸች፦ «ድገመው እንጂ ሰውዬ! የወዲያኛው ሰፈር አልሰማም!»