አንዴ ጠርቶ ዝም ማለት

ጀርመን አገር፣ ሳክሰንሃውሰን በሚባል ሰፈር በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ የምንከባከባቸው ጀርመናዊ ሽማግሌ ድሮ አዳኝ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ከመሳቢያቸው የእንጨት ፊሽካ አውጥተው ሲነፉ፣ እናቱን የሚጣራ የሚዳቋ ግልገል ድምፅ ወጣ። አባቴም እንዲህ ያለ ድምፅ ያወጣ ነበር፣ በቅጠል።

ከፋ ጫካ ውስጥ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እርጥብ ቅጠል ከንፈሬ ላይ አድርጎ "ጥሪያት" አለኝ። ነፋሁ። ከቁጥቋጦው መሀል ሁለት ጆሮዎች ብቅ አሉ። ደስ ብሎኝ ደጋግሜ ስነፋ ሚዳቋዋ ብን ብላ ጠፋች። እራታችን እሷ ነበረች። አባቴ ግን አልተቆጣኝም።

"አንዴ ጠርተሽ ዝም በይ። የምትመጣው ዝም ስትዪ ነው።"

ያኔ የሚያወራው ስለ ሚዳቋ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው ገላ አልታጠብም ካሉ ሦስት ቀናቸው ነው። ባልደረቦቼ በር ላይ ቆመው ስማቸውን ይደጋግማሉ። እኔ አንዴ ጠራኋቸውና ፎጣውን ይዤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ፊሽካውን መሳቢያው ውስጥ መልሰው ራሳቸው መጡ።