ባዶ እንስራ ያላየው ሹም

ስሙኝማ! ይቺን ስሙና ፍረዱ።

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ፣ ሱዳን

አውራ ዶሮ ሳይቀድመኝ የሾፌሩ የዓም ኣደም ሎሪ ላይ ተንጠለጠልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ቢሮው "ውሃ ቸግሮት በራሱ ጉልበት ለሚያጠራቅም፣ እጣቢውንም መልሶ ለሚጠቀም የካምፕ መስመር ማበረታቻ ገንዘብ እንሰጣለን" ብሎ ለፈፈ። እኛ፣ ደርግን ሸሽተን የመጣን በአንድ ረድፍ ጎጆ፣ በአንድ መስመር የምንኖር የጎንደርና የመተማ ሰዎች፣ በደቦ ወጣንና ሃፊር ቆፈርን፤ የዝናብ ውሃ የሚታቆርበት ትልቅ ጉድጓድ ማለት ነው። የልብስ እጣቢውን በበርሜል ውስጥ ባለ አሸዋና ጠጠር እያሳለፍን ባሚያ አጠጣንበት። ባሚያው እንደሆነ የጎረቤት ፍየል እያሳበደ ነው! የቀረን የሃፊሩን አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ መያዝ ብቻ። ካልተያዘ የመጀመሪያው ዶፍ ድካማችንን ጠራርጎት ይሄዳል። ሲሚንቶውን በማበረታቻው እንገዛለን ስንል "ለእናንተ የለም" ተባልን።

ቢሮው ያለበት ገዳሪፍ ከተማ ሄጄ እንድጠይቅ ተላክሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ነው ያቋረጥኩት፤ ምላስህ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል ይሉኛል።

ረፋዱ ላይ፣ ሾዋክ

አቧራው ጉድ ነው። ከሎሪው ስንወርድ ሁላችንም አንድ መልክ ሆነናል፤ ውሃ ቢጨመርብን ጡብ ይወጣን ነበር። ፉል በሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርት ከላይ፣ ዳቦው ትኩስ። ዋጋው ጨምሯል። ለምን ስለው ባለፉሉ በአህያ ጋሪ ወደሚያልፈው የውሃ በርሜል በአገጩ ጠቆመኝ፤ ውሃ ተወዷል።

ሾፌራችን ዓም ኣደም ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛውን ከእኛው ለቅሞታል።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ገዳሪፍ ምን ልትሠራ ነው?"

"ልጣላ።"

"ከማን?"

"ገና አላወቅሁትም።"

ሳቁ መኪናው ሲነሳ ከሚያሰማው ድምፅ ይበልጣል። "እንግዲያስ ብላ! በባዶ ሆድ ጠብ አያምርም።"

ቀትር፣ ገዳሪፍ

የማሽላ ጆንያ እንደ ተራራ ተቆልሏል፤ የሰሊጥ ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ግመሉ፣ ሁሉም ይጮሃል። ቢሮው ውስጥ ግን ማራገቢያ ይዞራል። ከሥሩ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ባለፈው ወር እኛን ሊመለከት የመጣው ሹም ራሱ!

"ኡስታዝ፣ ለምን ከለከልከን?" አልኩት ባለችኝ አረብኛ።

"እናንተን ውሃ መች ቸገራችሁ? እግሬን ሁለቴ አጥባችሁኛል። ያየሁት እንስራ ሁሉ ጢም ያለ ነው። ማበረታቻው ለተቸገረ ነው።"

 እውነቱን ነዋ! ያን ቀን እትዬ ዘነቡ፣ የመስመራችን የውሃ ኃላፊ፣ "እንግዳ ባዶ እንስራ አያይም" ብለው ከጎረቤት መስመሮች ውሃ ተበድረው ቤቱን ሁሉ ሞሉት። ፍየል ታረደ። እሱ ከሄደ በኋላ ብድሩን እስክንመልስ ፊታችንን በእርጥብ ጨርቅ ስናብስ ከረምን።

ይህን ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

"ሃፊሩንስ አየኸው?"

"ፀሐይ ነበረ... ምግቡም ደግሞ..." ብሎ ሆዱን ዳበሰ።

እንደዚያ ተናድጄ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። "ሐሙስ በዓም ኣደም ሎሪ እመጣለሁ፤ ጉድጓዱን ካየሁ እፈቅዳለሁ" ብሎ ማለልኝ።

ሊመሽ ሲል፣ ኡም ጋርጉር

ስንመለስ ሰማዩ በምሥራቅ በኩል ጠቁሯል። እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉን ነገርኳቸውና፣ "እንግዲህ ሐሙስ እንስራው ባዶ ይሁን፣ እትዬ" አልኩ።

"ሞቼ ነው ቆሜ? እንግዳ በባዶ እንስራ?"

"ሃፊሩ ሊፈርስብን እኮ ነው!"

"አንተ ለፍላፊ፣ አስጨርሰኝ። እንስራው ይሞላል፤ ፍየሉም ይታረዳል። ማዕዱ ግን የሚዘረጋው ሃፊሩ ዳር ነው። መብላት ካማረው በእግሩ ይምጣ!"

መስመሩ በሙሉ በሳቅ አለቀ። ወንዶቹ ከአሁኑ ዳስ የሚተክሉበትን ቦታ ይለኩ ጀመር። እኔ ግን ሰማዩን እያየሁ እናንተን ማራገቢያ ሥር የተቀመጣችሁትን እጠይቃለሁ፤ በእጃችን የቆፈርነውን ጉድጓድ ለማየት የግድ ዳሩ ላይ ፍየል ማረድ አለብን?